ኮሚቴው አልፈቀደም

በእኛ አገር ብድር የሚከለክል ሰው የለም፤ የሚከለክለው ኮሚቴ ነው። ይህን የምለው ከወሬ ሰምቼ ሳይሆን እንጀራዬ ስለሆነ ነው። እንጅባራ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ የብድር ኦፊሰር ነኝ። ቤት ልሥራ የሚል፣ ቤት ልግዛ የሚል፣ የጀመርኩት ቤት ጣሪያ አጣ የሚል ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ብድሩ ሲፈቀድለት «እግዚአብሔር ፈቀደልኝ» ይላል። ሲቀርበት ደግሞ «ያ ልጅ ከለከለኝ» ይላል። በዚህ ክፍፍል ለእኔ የደረሰኝ ድርሻ ስላልተመቸኝ፣ ከእኔ በፊት የነበሩት ኦፊሰሮች ይከለሉበት የነበረውን ጥላ እኔም ያዝኩ፦ «ኮሚቴው አልፈቀደም።»

ስለ ኮሚቴው ሕዝቡ የሚያስበውን ብትሰሙ ትገረማላችሁ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ «የት ነው የሚቀመጡት እነዚህ ሰዎች? ባሕር ዳር ነው ወይስ አዲስ አበባ? ንገረኝና ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ» ብለው ከዘራቸውን አነሡ። ምን ልበላቸው? ገንዘቡ ከፍ ሲል ጉዳዩ ወደ ዲስትሪክት፣ ከዚያም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መሄዱ እውነት ነው። የእሳቸው ግን ከቅርንጫፋችን አልወጣም። የቅርንጫፋችን ኮሚቴ ማለት ሥራ አስኪያጁ፣ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዋና እኔ ነን። የምንሰበሰበው ከካዝናው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሻይ አዝዘን ነው። ሽማግሌው እግሩ ላይ ሊወድቁለት አገር ሊያቋርጡለት የተነሡት ሰው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ የእስክሪብቶ ክዳን ያኝካል።

ደግሞ ኮሚቴን ባንኮች የፈጠሩት አይምሰላችሁ። ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሎችን «ልጃችሁን አልወደድነውም» ብሎ የመለሰ ቤተሰብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ዘመድ እናማክር» ነው የሚባለው። ቀጠሮ ይሰጣል። በቀጠሮው ቀን የልጅቷ አጎት ከመተከል አልመጣም ይባላል። በሚቀጥለው ጊዜ እሱ መጥቶ ሌላ አጎት ይጎድላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ሽማግሎቹም ነገሩ ይገባቸዋል፤ ማንም እምቢ ሳይል፣ ማንም ሳይቀየም ይለያያሉ። የእኛ «ዲስትሪክት እስኪያጸድቀው» ከዚያ ካልመጣው አጎት ጋር የሥጋ ዝምድና አለው።

ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ድረስ ደግሞ ሰነድ አለ። የቤት ብድር ሰነድ በብልሃት ከተያዘ ሰውን ሳያስቀይም ዓመት ያቆያል። ካርታ፣ ፕላን፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የሥራ ዝርዝር ከነዋጋው፣ የዘመኑ ግብር ደረሰኝ፣ ንብረቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ነው የሚል ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማስረጃ ወይም የንግድ ፈቃድ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ ጉርድ ፎቶ። ከሁሉ የሚከብደው ግን የትዳር ጉዳይ ነው። ያገባ ሰው የጋብቻ ማስረጃ ያመጣና ባልና ሚስት አብረው ይፈርማሉ። ያላገባ ሰው አለማግባቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያመጣል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ባል ሚስት ሳታውቅ ቤቱን አስይዞ እንዳይጠጣበት ይከላከላል። ችግሩ በቁርባን ተጋብተው ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ሲመጡ ነው።

ከዚህ ከባንጃ ወረዳ የመጡ አባት፣ ከነባለቤታቸው፣ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ እኛ የተጋባነው በቁርባን ነው። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም።»

አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ ቀና ሳይል «እንግዲያው ያላገባ ማስረጃ ያምጡ አባባ» አለ።

እሳቸው ትንሽ ዝም አሉ። ዘወር ብለው ባለቤታቸውን አዩና በአዊኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ። እኔ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግኩ ስለሆንኩ አዊኛ ከሰላምታ አልዘልቅም። እናታችን ግን በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እስኪያነባቸው ሳቁ፤ ከዚያም ነጠላውን ገለጥ አድርገው በአማርኛ፣ ለእኛ እንዲሰማን፣ «ያምጣ፤ ስድስቱን ልጆች እኔ እንጃ ከየት እንዳመጣናቸው» አሉ።

ወሳኝ ኩነት ሄደው ጋብቻቸውን እንዲያስመዘግቡ ነገርኳቸው። ሄዱ። ምስክር ቆጠሩ፣ ፎቶ ተነሡ። ልጆቻቸው ለስላሳ ጋብዘው፣ እልል ብለው ዳሯቸው አሉ። ብድሩ በኋላ በሌላ ምክንያት ወደቀ፤ የጋብቻ ወረቀቱ ግን ፍሬም ገብቶ ሳሎናቸው ተሰቅሏል። የእኛ ባንክ ለአዊ ዞን ካደረጋቸው አስተዋጽኦዎች አንዱ ይህ ነው እላለሁ፤ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ግን አልገባም።

ገቢ የሚባለው ነገር ሌላ ጣጣ አለው። ፋግታ ለኮማን የሚያውቅ ሰው ዲከረንስን ያውቃል። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር የዚያን ወረዳ ገበሬ ኑሮ ከሥሩ ገልብጦታል። ገበሬው ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ያበቅለዋል፤ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጠዋል፣ ያከስለዋል፣ መሬቱን እንደገና ያርሳል። ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። አዲስ አበቤው ቡናውን ሲያፈላ ምድጃው ላይ የሚፈነዳው የማን ዛፍ እንደሆነ አይጠይቅም። በዚህ መሐል ያለው የከሰል ነጋዴ ግን ገንዘብ ይይዛል፤ ገንዘብ ሲይዝ ደግሞ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ ቤት ያምረዋል። ቤት ሲያምረው ወደ እኔ ይመጣል።

«በወር ምን ያህል ያገኛሉ ጋሼ?»

ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለው፣ «ለማን ነው የምነግረው? ለአንተ ነው ለገቢዎች?»

«ለእኔ ነው።»

«ለአንተማ ብዙ አገኛለሁ።»

«የግብር ወረቀትዎ ግን ትንሽ ነው የሚለው።»

«እሱ ለገቢዎች የተጻፈ ነዋ!»

ሰውየው አልዋሹም፤ ሁለቱንም በየቦታው ትክክል ብለው ነው የተናገሩት። ገቢዎች ፊት ድሃ፣ ባንክ ፊት ሀብታም ያልሆነ ነጋዴ ካለ ወይ ጻድቅ ነው ወይ አዲስ ነው። እኔ ግን በወረቀት ነው የምሠራው። ወረቀቱ እንዳለው ከሆነ እኚህ ሰው የሚበሉት ሽሮ ነው፤ ያውም በቀን አንዴ። የቆሙበት ጫማ ብቻውን የወር ገቢያቸውን ይበልጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዲከረንሱን ዋግ መሰል በሽታ ስለመታው ኮሚቴው «ዘርፉ ስጋት አለበት» የምትል አዲስ ዐረፍተ ነገር አገኘ። ዐረፍተ ነገሯ እውነት ናት፤ በበሽታው ልጁን ከትምህርት ቤት ያስወጣ ገበሬ አውቃለሁ። ኮሚቴው ግን እፎይ ብሎ ነው የተቀበላት።

ለመሆኑ የቤት ብድር እንዲህ የሚያንገላታው ለምንድን ነው? ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው። ደንበኛው የሚያስይዘኝ መሬቱን ሳይሆን በመሬቱ ላይ ያቆመውን ቤት ነው። በሊዝ የያዘው ባዶ ቦታ ከሆነም፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ማስያዝ የሚችለው የሊዝ ክፍያ የከፈለበትን ያህል ነው። ነባሩ የእንጅባራ ቤት ደግሞ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነው። በሐምሌ ብርድ ጭቃ ቤት ከብሎኬት ቤት ይሞቃል፤ ግምት ላይ ሲደርስ ግን ይቀዘቅዛል። የባንኩ ኢንጂነር ሜትሩን ዘርግቶ ግድግዳውን በጣቱ ነካ ያደርግና ምንም ሳይናገር ይጽፋል። ባለቤቱ በአጥር ላይ እያየው «ኧረ አባቴ የሞቱበት ቤት ነው!» ይላል። የዚህ ዋጋ የሚጻፍበት ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

ለቤት ብቻ የቆመ የመንግሥት ባንክ ነበረን፤ በደርግ መጀመሪያ የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተብሎ ተቋቋመ። በኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጠቀለለው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጎሕ ቤቶች ባንክ አዲስ አበባ ላይ በሩን ከፈተ። የገጠሩን ሰው ለብዙ ዘመን ሲያበድር የኖረው አብቁተም ዛሬ ጸደይ ባንክ ተብሏል። ስሙ ይቀያየራል፤ ካርታ አምጡ ማለቱ አልተቀየረም።

ሕጉ የማይንቀሳቀሰውን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 በሚንቀሳቀስ ንብረትም መበደር ይቻላል ይላል፤ እህልም፣ ከብትም። ይህን አዋጅ ያወጡት ሰዎች የአዊን ሕዝብ አስበውት እንደሆነ እጠራጠራለሁ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለበት፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ በፈረስ የምትጥለቀለቅበት ዞን ውስጥ «የሚንቀሳቀስ ንብረት» ሲባል ሰው ምን ትዝ ይለዋል? አንድ ወዳጃችን ወሬውን በሬዲዮ ሰማና ፈረሱን ከነሙሉ ጌጡ አምጥቶ ከቅርንጫፋችን በር ላይ አሰረው። ጥበቃው «ወረፋ ያዝ» አለው።

ኢንጂነሩ ወጣ። በሕይወቱ ከሲሚንቶና ከብረት ሌላ ገምቶ አያውቅም። ፈረሱን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «የተሠራበት ዘመን?» አለ።

«ሰባት ዓመቱ ነው።»

«የእርጅና ቅናሽ አለበት።»

ባለ ፈረሱ ደም ሥሩ ተገተረ። «ለማን ነው እርጅና? ባለፈው ጥር 23 ስንቱን ፈረስ አስከትሎ እንደገባ ጠይቅ! ይልቅ የአንተ እርጅና ይቀነስ!»

ኮሚቴው አልፈቀደም። ፈረሱ ዕዳ ሳይገባበት ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ይህም ከብዙዎቻችን የተሻለ ያደርገዋል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስንኖር በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። የዋጋ ንረቱን ለማብረድ ነው ተባለ። ለእኛ ለኦፊሰሮች ይህ ውሳኔ በረከት መሆን ነበረበት፤ ሰነዱ የተሟላ፣ ካርታው በስሙ፣ ገቢው የታወቀ ሰው መጥቶ እንኳ «ጣሪያው ሞልቷል፣ የማበድረው የለኝም» ማለት ተቻለ። ዲስትሪክቱም፣ ዋናው መሥሪያ ቤትም፣ ሁሉም ያንኑ ነበር የሚለው። እውነት ነው፤ በደብዳቤ የመጣ እውነት። አንድም ሰው አላመነኝም! «ስንት ልስጥህ?» ብሎ በዓይኑ የጠየቀኝ አለ። «ዘመድ ላላቸው ግን አለ» ያለኝ አለ። አንዷ ደንበኛማ «ለራሳችሁ ሠራተኞች በርካሽ ወለድ ቤት ታሠራላችሁ፤ ለእኛ ሲሆን ጣሪያ ይሞላል?» አለችኝ፤ ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ያልነበረ አጎት ከመተከል አልመጣም ሲባል ሲያምን የኖረ ሕዝብ፣ እውነተኛው አጎት በአካል መጥቶ ቢቆምለት መታወቂያ ጠየቀው። በታኅሣሥ 2017 ጣሪያው ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። ሐሜቱ ግን ጣሪያ የለውም።

ፊት ለፊት እምቢ ማለት የጀመርኩት ዘንገና ላይ ነው፤ ያውም ተገድጄ።

ዘንገናን ላላየ ሰው፦ ከእንጅባራ በአዲስ አበባ መንገድ ትንሽ እንደሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ፣ ዙሪያውን በደን የተከበበ ክብ ሐይቅ ነው። እሳተ ገሞራ የቦረቦረው ጉድጓድ ስለሆነ ስፋቱ ትንሽ፣ ጥልቀቱ ብዙ ነው፤ 166 ሜትር ይደርሳል ይባላል፣ ከሐይቆቻችንም በጥልቀት ከሻላ ቀጥሎ ይጠራል። የአገሩ ሰው መጨረሻ የለውም ነው የሚለው። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ላየው ውሃው ሲሻው አረንጓዴ ሲሻው ሰማያዊ ነው።

አንድ ደንበኛ እዚያ አፋፍ ላይ ሎጅ መሥራት አማራቸው። ሰውየው ዳንግላ ላይ ሲነግዱ የኖሩ፣ የተከበሩ፣ ንግግር የሚያውቁ ናቸው። እኔንና ኢንጂነሩን ለመስክ ጉብኝት በመኪናቸው ወሰዱን። ዕለቱ ዓርብ ነበር። አፋፉ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ከዚያች ዛፍ እስከዚች ዛፍ። ሃያ ክፍል። ሁሉም መስኮት መስታወት። ፈረንጁ አልጋው ላይ ሆኖ ሐይቁን እያየ ቡናውን ይጠጣል።»

«ካርታውስ ጋሼ?»

«ካርታው በሂደት ላይ ነው።»

ይህን ቃል የማያውቅ የብድር ኦፊሰር የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ነው።

«ያለ ካርታ ምን ይዘን እናበድራለን?»

«ይህን አታይም?» አሉ፤ ሐይቁን በአገጫቸው እያሳዩኝ። «ይህ እይታ ራሱ ንብረት አይደለም?»

ኢንጂነሩ ሜትሩን እንደያዘ ቁልቁል አየና፣ «በካሬ ስንት ብዬ ልያዘው?» አለ። አልሳቁም።

ከዚያ የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፈቱ። በአገልግል ምሳ ይዘው መጥተዋል። እዚህ ላይ የሙያችንን ትልቁን ፈተና ላስረዳችሁ። ባንኩ ከተበዳሪ ምንም እንዳንቀበል በሥነ ምግባር ደንብ ከልክሎናል፤ ፈርመናል። አዊ ውስጥ ግን ብድር ከመከልከል ምሳ መከልከል ይከብዳል። ብድር የከለከልከው ሰው መንገድ ላይ ሰላም ይልሃል። እንጀራውን የገፋህበት ሰው ግን ለልጅ ልጁ ይነግርብሃል።

ኢንጂነሩ ፈጠን አለ፦ «ጋሼ፣ ዓርብ ነው፤ እንጾማለን።»

«ማን ዓርብ መሆኑን ያላወቀ መሰለህ? የጾም ነው ያስያዝኩት።» አገልግሉን ከፈቱት። ሽሮ፣ የምስር ወጥ፣ የእንጅባራ ድንች በአዋዜ።

እኔ ገባሁበት፦ «እኛ እንኳ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምንጾመው።»

ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። ስድስት ሰዓት አልፏል። አገልግሉን መልሰው ዘጉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ጥሩ ነው፤ እንጠብቃለን» አሉ።

ጠበቅን። በሕይወቴ እንዲህ ጾሜ አላውቅም። ጦጣዎቹ ከዛፍ ወርደው አገልግሉን ከበቡት። ጋሼ እየነዱላቸው ስለ ሎጃቸው ነገሩን፤ ጀልባ፣ የፈረስ ጉብኝት፣ የአዊ ማር፣ ሠርግ። ኢንጂነሩ ጫማውን አይቶ ጨረሰ። እኔ «ኮሚቴው ያየዋል» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ኮሚቴው የታለ? ሥራ አስኪያጁ የለ፣ ሻይ የለ፣ ከጀርባዋ የምደበቅባት ክፍል የለች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ «ጋሼ፣ ይህ ብድር አይሆንም» አልኩ። «ቦታው የእርስዎ አይደለም። ካርታ ቢያወጡ እንኳ ሐይቁ አፋፍ ላይ መገንባት ይፈቀዳል የሚል ወረቀት ማንም አይሰጥዎትም። ኮሚቴው አይደለም። እኔ ነኝ የምለው።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን ለመናገር ነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስጾምከኝ?»

አገልግሉን ከፈቱት። «በሉ ብሉ አሁን። ከለከላችሁኝ፤ ከእንግዲህ ጉቦ አይደለም።»

ድንቹ ቀዝቅዟል፤ አዋዜው ግን ያቃጥላል። ደንቡ ላይ የተከለከለ ሰው ምሳ ይበላል አይበላም የሚል አንቀጽ ፈልጌ አላገኘሁም። ጋሼ ዛሬም እንጅባራ ሲመጡ ይጠይቁኛል፤ ሎጁን ትተው ዳንግላ ላይ ያላቸውን ቤት አስይዘው ሌላ ባንክ ተበደሩ። ከሌላ ባንክ በመበደራቸው ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ ይህን ግን ፊት ለፊት አልነገርኳቸውም።

እስካሁን የተናገርኩት የጠዋቱን ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ እንገለበጣለን። የባንኩን ቲሸርት ለብሰን፣ በራሪ ወረቀት ይዘን፣ ተቀማጭ ፍለጋ እንወጣለን። ከ30 በላይ ባንኮች ባሉበት አገር፣ በእንጅባራ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ባንክ ከባንክ ተያይዞ በቆመበት ከተማ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር የሚከፍተው ሒሳብና የሚያመጣው ብር ተመድቦለታል። መናኸሪያ እንሄዳለን፣ እድር ስብሰባ እንሄዳለን፣ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን እንጠብቃለን። ቲሸርታችንን ከሩቅ አይቶ ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ አለ። «እቁብ አለብኝ» የሚል አለ፤ ልክ ነው፣ እቁብ ያላገባ ማስረጃ አይጠይቅም። «ስጡ ስንላችሁ የለም፣ አምጡ ስትሉ ትመጣላችሁ» የሚልም አለ፤ እሱም ልክ ነው። ጠዋት የከለከልኩት ሁሉ ከሰዓት በኋላ ገበያ ላይ ተራውን ይዞ ይጠብቀኛል።

ከነዚህ አንዷ ድንች ነጋዴዋ እትዬ ናቸው። ቤታቸውን ለማደስ ጠይቀው ኮሚቴው አልፈቀደላቸውም ነበር። በገበያ ቀን ከጆንያቸው ጀርባ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከጎናቸው አንዷ ጎመን፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት ይሸጣሉ።

«እትዬ፣ ቁጠባ ይጀምሩ እንጂ። ወለድ አለው፣ በስልክዎ ይንቀሳቀሳል።»

«ስንት ነው ወለዱ የኔ ጌታ?»

«ሰባት በመቶ፤ በዓመት።»

«ድንቹ በዓመት በስንት እንደጨመረ ታውቃለህ?» አሉና አንዱን ድንች አንሥተው በመዳፋቸው መዘኑት። «ይሁን፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እኔ ብቻዬን አልወስንም።»

«ከባለቤትዎ ጋር ይማከሩ፤ ችግር የለም።»

«ባለቤቴማ የኔን አፍ ነው የሚጠብቅ። እኛ ኮሚቴ አለን።»

«የምን ኮሚቴ?»

በአገጫቸው ወደ ጎመኗና ወደ ነጭ ሽንኩርቷ አመለከቱ። ሁለቱ ሴቶች ወዲያው ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ሥራ አስኪያጃችን እንኳ እንደዚያ አያጠቁርም።

«ማክሰኞ እንሰበሰባለን» አለች ጎመን ሻጯ።

«እሺ፤ እስከዚያ እኔ ምን ላሟላ?»

«ሰነድ ይጎድልሃል» አሉ እትዬ።

«የምን ሰነድ?»

«ያላገባ ማስረጃ።»

ገበያው ሳቀ። ከበስተኋላዬ አንድ ተሸካሚ «እኔ እመሰክርለታለሁ! ማን ያገባዋል?» አለ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ? ቅጹን አጥፌ ወደ ጎመኗ ዞርኩ፤ እሷም ዘመድ ላማክር አለች። ማክሰኞ አለፈ፣ ሌላም ማክሰኞ አለፈ፣ የኮሚቴው ውሳኔ እስካሁን በጽሑፍ አልደረሰኝም። ማስታወሻ ላክ ቢሉኝ ኖሮ እልክ ነበር።

እንግዲህ ቤት ለመሥራት ብድር የምትፈልጉ የእንጅባራ፣ የዳንግላና የአካባቢው ነዋሪዎች ሆይ፣ ካርታችሁን በስማችሁ አዙሩ። ገቢያችሁን ለገቢዎችም ለእኔም አንድ ዓይነት ንገሩ። በቁርባን የተጋባችሁም ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ጋብቻችሁን አስመዝግቡ፤ ከዚያ ኑና ቢሆንም ባይሆንም ፊት ለፊት እነግራችኋለሁ። ሒሳብ ለመክፈት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ፋይዳችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ ወሩ ሳያልቅ።